«እማማ፣ የመዝገብ ቁጥር አለዎት?»

የሠርጉን ፎቶግራፍ ሳሎን ያልሰቀለ ባለትዳር ማግኘት ያስቸግራል። የፍቺውን ወረቀት የት እንዳስቀመጠ የሚያውቅ ሰውስ ስንት ይሆን? ይህን የምጠይቃችሁ ወድጄ አይደለም። ሰሞኑን ከአንዲት የወለቃ እናት ጋር የተዘጋ መዝገብ ፍለጋ ስዞር ከርሜ ነው።

ወለቃን የጎንደር ሰው ያውቃታል። ከከተማው ወደ ደባርቅ ስትወጡ ብዙም ሳትርቁ መንገድ ዳር ትንንሽ የሸክላ ምስሎች ተደርድረው ታያላችሁ፤ ያቺ ናት። ቤተ እስራኤላውያን የሚኖሩባት መንደር ነበረች። እነሱ ሄዱ፣ ሸክላው ቀረ። እኝህ እናትም (ስማቸውን አልጠራም፣ እትዬ ልበላቸው) ጎረቤት ሆነው ያዩትን ሙያ ይዘው ልጃቸውን በዚያው አሳድገዋል።

እትዬ ከባለቤታቸው የተፋቱት በ1996 ዓ.ም. ነው። ዳኛ ፊት ቆመው፣ ተከራክረው፣ ውሳኔ ተቀብለው። ከአራት ዓመት በኋላ ከሸክላው ባጠራቀሙት ገንዘብ ሁለት ክፍል ቤት ሠሩ። የቀድሞ ባለቤታቸው አምና አረፉ። አርባቸው በወጣ በሳምንቱ ሟቹ ከእትዬ በፊት የወለዷቸው ልጆች መጡና «ቤቱ በትዳር ውስጥ የተሠራ ነው፤ ግማሹ የአባታችን ነው» አሉ።

«ኧረ ተፋተናል! አገር ያውቃል!» አሉ እትዬ።

አገር ማወቁ ደግ ነው። ሕጉ ግን በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብ እንኳ የጋራ ነው ብሎ ይነሳል። «የለም፣ ያን ጊዜ ትዳር አልነበረም» የሚል ሰው ትዳሩ መቼ እንደፈረሰ ማሳየት አለበት። የሚያሳየው ደግሞ የፍርድ ቤቱ ውሳኔ ነው።

«ታዲያ ውሳኔው የት አለ?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ወንድም ዓለም፣ የገዛ ውርደቴን ምን ብዬ ሣጥን ውስጥ አኖረዋለሁ? እንግዳ ቢያየው ምን ይለኛል? ሸክላ ስተኩስ አብሬ ለኮስኩት።»

እንግዲህ ፍርድ ቤት ሄድን። የትኛው እንደሆነ አልናገርም፤ ብዙዎቹ ወንድማማቾች ናቸው። መስኮቱ ጋ የተቀመጠችው ልጅ ክፉ አልነበረችም። «እማማ፣ የመዝገብ ቁጥር አለዎት?» አለቻቸው።

እትዬ ቁጥር የላቸውም። ያላቸው ሌላ ነው። ክረምት ሊገባ ሲል እንደነበር፣ ዳኛው ቀጭን ሰው እንደነበሩ፣ ልጃቸው ፊደል መቁጠር የጀመረችበት ዓመት መሆኑን ያስታውሳሉ። ልጅቷ በትሕትና ሰማችና «በስም አይፈለግም፤ ያለ ቁጥር ከባድ ነው» አለች። አዲሱ መዝገብ ኮምፒዩተር ውስጥ ይገባል፤ የድሮው ግን በየዓመቱ በሲባጎ ታስሮ፣ በጆንያ ተከትቶ መጋዘን ተቀምጧል። የሚያገናኘው ድልድይ ባሕር መዝገቡ ብቻ ነው። እሱም የሚሄደው መዝገቡ በተከፈተበት ቀን ተራ እንጂ በሰው ስም አይደለም።

የኔ ቅሬታ እዚህ ላይ ነው። ፍርድ ቤት ሰውን በስሙ ከስሶ፣ በስሙ ጠርቶ፣ በስሙ ይፈርድና ነገሩ ሲያልቅ ስሙን ጥሎ ቁጥር ብቻ ይይዛል። እንግሊዞች ከ1858 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የተሰጠ የፍቺ ውሳኔ የት ፍርድ ቤት እንደተሰጠ ባታውቁም፣ የባልና የሚስት ስም ሰጥታችሁ፣ አሥር አሥር ዓመቱን እየከፈላችሁ የምታስፈልጉበት አሠራር አላቸው። ሀብታም ስለሆኑ ነው አትበሉኝ። በ1858 ኮምፒዩተር አልነበራቸውም፤ የነበራቸው በፊደል ተራ የተጻፈ ደብተር ነው። ደብተር እኛም አናጣም።

ፍለጋ የምትገቡ ሰዎች ግን ቁጥሩን ከመጠየቃችሁ በፊት ዓመቱን አጣሩ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ዘመን ፍቺን የሚወስኑት የቤተ ዘመድ ዳኞች ነበሩ። ያንን ሥልጣን ለፍርድ ቤት ብቻ የሰጠው በፌዴራል ደረጃ የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በእኛ ክልል ደግሞ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው። ስለዚህ አባትና እናታችሁ በሰባዎቹ ወይም በሰማንያዎቹ ተፋትተው ከሆነ፣ ፍርድ ቤት መጋዘን ውስጥ ስትፈልጉ የምትውሉት ወረቀት ምናልባት የአንድ ሽማግሌ አልጋ ሥር ባለ ሣጥን ውስጥ ይሆናል። ሽማግሌው ደግሞ ካረፉ ቆይተዋል።

በዚህ ነገር ወለቃ የቆየ ታሪክ አላት። የቤተ እስራኤል ሰዎች ከዚህም ከሌላውም የጎንደር መንደር ተነሥተው፣ ገሚሱ በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፣ ገሚሱ በግንቦት 1983 በአውሮፕላን እስራኤል ሲገቡ፣ ካጋጠማቸው ጣጣ አንዱ የፍቺ ወረቀት ነው። እዚህ ጋብቻቸው የሚፈርሰው በሽማግሌና በካህን ፊት ነበር። የእስራኤል ረቢዎች ግን የሚያውቁት «ጌት» የሚባለውን፣ በጽሑፍ ለሚስቲቱ የሚሰጠውን የፍቺ ሰነድ ነው። ያለዚያ ሰነድ ፈትታ ሌላ ያገባች ሴት የወለደችው ልጅ በሃይማኖቱ ሕግ ማግባት ላይ እንቅፋት አለበት። ስለዚህ ለሁሉም በጅምላ፣ ከማግባታችሁ በፊት ውኃ ውስጥ የመጥለቅ ሥርዓት ፈጽሙ ተባሉ። ሰዎቹ «ይሁዲነታችንን ልትጠራጠሩ ነው እንዴ?» ብለው በ1985 (እ.ኤ.አ.) ኢየሩሳሌም ውስጥ ከዋናው የረቢዎች ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት አንድ ወር ገደማ ተቀመጡ። ነገሩ ትንሽ የቀለለው ከአራት ዓመት በኋላ የነታንያ ከተማው ረቢ ዳዊት ሸሉሽ ያለ ቅድመ ሁኔታ ጋብቻቸውን እንዲመዘግቡ ሲፈቀድላቸው ነው። ሽማግሌ ያፋታው ሁሉ ውሸት አልነበረም፤ አገር ያውቀው ነበር። ባሕር ሲሻገሩ ግን አገር አብሮ አልተሻገረም።

እኛ ዛሬ ምን እናደርጋለን መሰላችሁ? የፍቺውን ውሳኔ መፈለግ ሲታክተን ሦስት ምስክር ይዘን ቀበሌ እንሄድና «ያላገባ» የሚል ማስረጃ እናወጣለን። አግብቶ የፈታ ሰው «ያላገባ»! ዲቪ የደረሰው ወጣት በዚህ ስንት ጊዜ ጉድ ሆኗል። አሜሪካኖቹ ለፈረሰ ትዳር ሁሉ የፍርድ ቤት ውሳኔ ይጠይቃሉ። በአንድ ቅጽ ላይ «ፈትቻለሁ» ያለ፣ በሌላ ወረቀት «ያላገባ» ይዞ ሲቀርብ የሚጠየቀው ስለ ትዳሩ ሳይሆን ስለ ውሸቱ ነው። እኛም በሩ ላይ ቆመን ሳለ አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ ባይ ጠጋ ብሎ «መዝገቡ ከጠፋ ውሳኔውን እናሠራዋለን» አለኝ። እናሠራዋለን! ማኅተሙንም፣ ዳኛውንም መሆኑ ነው። እትዬ ሰሙና «እኔ የጠየቅሁት የራሴን ነው» ብለው ዞር አሉ።

ቁጥሩን ያገኘነው ፍርድ ቤት አይደለም። ይህን ልብ በሉ፣ ይጠቅማችኋል። ፍቺው ሲወሰን አባትየው የመንግሥት ሠራተኛ ስለነበሩ የልጅቱ ቀለብ ከደመወዛቸው እንዲቆረጥ ፍርድ ቤቱ ለመሥሪያ ቤታቸው ጽፎ ነበር። ልጅቱ፣ ዛሬ ትልቅ ሴት ናት፣ ወራሽነቷን አሳይታ የአባቷን የግል ማኅደር አስከፈተች። ደብዳቤው እንደተፋፋመ ተቀምጧል፦ «በመዝገብ ቁጥር ይህን ያህል በተሰጠው ውሳኔ መሠረት…» ይላል። ሌላም ሰው ቤት እንዲህ ያለ ዱካ አይጠፋም። ንብረት ተካፍለው ከሆነ የአፈጻጸም መዝገብ ተከፍቷል። የገጠር መሬት ከሆነ የይዞታ ደብተሩ የባልና ሚስት ስም ያለበት ነውና ስሙ ሲለወጥ የውሳኔው ግልባጭ መሬት ጽሕፈት ቤት ገብቷል። ይግባኝ ከተባለ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ዘንድ የታችኛው ቁጥር ተጽፏል። ፍርድ ቤት ስምን ይጥላል እንጂ ቁጥሩን በየቦታው በትኖት ነው የሚሄደው።

ቁጥሩ ከተገኘ በኋላ ያለው መንገድ ሰው እንደሚፈራው አይደለም። የመዝገቡን ቁጥር፣ ዓመቱንና የሁለቱን ወገን ስም እስከ አያት ጠቅሶ የውሳኔ ግልባጭ እንዲሰጥ ለሬጅስትራሩ ማመልከቻ ማስገባት ነው። ተከራካሪ የነበረ ሰው መታወቂያውን፣ ወኪል ከሆነ ውክልናውን፣ ወራሽ ከሆነ ወራሽነቱን ያሳያል። ውጭ አገር ያለ ሰው ውክልናውን ባለበት አገር በሚገኝ ኤምባሲያችን በኩል ይሰጣል። ከዚያ የኮፒው ይከፈላል። ማኅተም የሌለው ግልባጭ ግን አትቀበሉ፤ «ትክክለኛ ግልባጭ» ተብሎ በየገጹ ያልተመታበት ወረቀት ነገ ተመልሳችሁ የምትሰለፉበት ነው።

ዘንድሮ የሚፋታ ሰው ከእኛ የተሻለ ዕድል አለው፤ ከተጠቀመበት። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ፍቺም እንደ ልደትና እንደ ሞት ይመዘገባል፤ ምዝገባው በሥራ ላይ የዋለው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ውሳኔው በተሰጠ በ30 ቀን ውስጥ ቀበሌ ሄዶ ማስመዝገብና የምስክር ወረቀት መቀበል ይቻላል። ግን ማን ይሄዳል? ለልጁ ልደት የተሰለፈው ሰው ለፍቺው ሲሆን በጓሮ በር ይወጣል። መዝጋቢዋ ጎረቤት ናት፣ ከኋላው የተሰለፈችው የክርስትና እናቱ ናት። ፍርድ ቤቱን አንድ ጊዜ ከወቀስኩ እኛን ሁለት ጊዜ ብወቅስ አይበዛም። ዳኛ ፊት ቆማ መብቷን ያስከበረች ሴት ማስረጃዋን እንድታቃጥል ያደረጋት መዝገብ ቤቱ አይደለም። እንግዳው ነው። እኔና እናንተ ነን፣ ቡና ሊጠጣ ገብቶ ግድግዳ የሚቆጥረው።

የእትዬ መዝገብ ከመጋዘን በወጣ ጊዜ ዳሩን አይጥ ቀምሶታል፤ ውሳኔው ግን ደህና ነበር። ሁለት ገጽ ናት። ሰኔ 1996 ትላለች፤ እሳቸው እንዳሉት፣ ክረምት ሊገባ ሲል። ቀጭኑ ዳኛ ፈርመውባታል። እትዬ አራት ግልባጭ አስወጡ። አንዱን ለቤቱ ክርክር፣ አንዱን ለጠበቃው፣ አንዱን ለልጃቸው። ቀጠሮው ከፋሲካ በኋላ ነው፤ የሟች ልጆችም ውሳኔውን ካዩ ወዲህ ሽማግሌ እየላኩ ነው ይባላል።

አራተኛውን ለእኔ ሰጡኝ። «አንተ ዘንድ ይቀመጥልኝ» አሉ፤ «እኔ ቤት ሰው ይገባል።»