ዘንዶው ሲሞት ማን ይነግሣል? ስለ አርኪታይፕ ሂሳዊ ዳሰሳ

ስለ አርኪታይፕ፣ በየባህሉ ትረካ ስለሚደጋገም ጥንተ አምሳል፣ የሚጻፍ ሂስ ብዙ ጊዜ በቆጠራ ያበቃል፤ ጀግናው እዚህ አለ፣ ጥበበኛው ሽማግሌ እዚያ አለ ተብሎ ይታለፋል። የሥነ ልቦና ሊቁ ካርል ዩንግ (1875–1961 እ.ኤ.አ.) ግን ሰው ከተፈጥሮው ይዞት የሚመጣው ባዶ ቅርጽ እንጂ ተሥሎ ያለቀ ምስል እንዳልሆነ አስረግጦ ጽፏል። ቅርጹን የሚሞላው የየማኅበረሰቡ ኑሮ ነው። የሂስ ዋና ጥያቄም ይኸው ሊሆን ይገባል፦ ቅርጹ በምን ተሞላ? አስተሳሰባችንንስ ወዴት መራው?

በትውፊታችን የታወቁ ሦስት ዘንዶዎችን እንይ። በአክሱም ነገሥታት ዝርዝር መጀመሪያ ላይ የተቀመጠው ዘንዶ፣ አርዌ፣ 400 ዓመት ነግሦ ሕዝቡን ልጃገረድ ያስገብር ነበር ይባላል። አንጋቦ የተባለ ሰው የገደለው በጦር ገጥሞ አይደለም፤ መርዝ የበላች ፍየል አቅርቦለት ነው። አስቀድሞ ግን ከሕዝቡ ጋር ተዋውሏል፤ ዋጋው ዙፋኑ ነበር። የቅዱስ ጊዮርጊስ ታሪክ በአጽሙ ከዚህ ብዙም አይርቅም፦ ግብር የሚበላ ዘንዶ፣ ተራዋ የደረሰች ልጅ፣ ከሩቅ የመጣ ገዳይ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ልጅቷ ብሩታዊት ዛፍ ላይ ሆና ስታይ ሰማዕቱ ከነጭ ፈረሱ ላይ ጦሩን ይሰካል። እሱ ግን ዙፋን አልጠየቀም። ሦስተኛው አቡነ አረጋዊን ወደ ደብረ ዳሞ ገደል ሽቅብ ያወጣቸው ዘንዶ ነው። እዚህ አውሬው ረዳት ሆኗል። ያም ሆኖ ቅዱስ ሚካኤል ሰይፉን መዝዞ አጠገቡ ቆሟል፤ ትረካው አውሬውን ቢያሠራውም አላመነውም።

የሁለቱ ገዳዮች መመሳሰል ዩንግ የአርኪታይፕ ማደሪያ ስላደረገው የሰው ልጆች የወል ኢ-ንቁ ህሊና ማስረጃ ይሆናል ማለት ግን ይከብዳል። ትረካ ከነጋዴና ከመነኩሴ ጋር ይጓዛል፤ አንዱ ከሌላው ቀድቶም ሊሆን ይችላል። የዩንግ አሳብ ደካማ ጎን እዚህ ላይ ነው፦ ውርስንና ውሰትን የምንለይበት አስተማማኝ መስፈርት አይሰጠንም።

ጠንካራ ጎኑ ሌላ ነው። አርኪታይፕ ገና ማስረጃ ሳናይ ሚና ያድለናል። አንድ ገዥ ወይም አንድ ወገን «አውሬ» ከተባለ ወዲያ ምን እንዳደረገ መመርመር ይቀርና ገዳዩን መጠበቅ ይጀመራል። ገዳዩ ሲመጣም ዋጋውን የሚጠይቀው የለም፤ ነጻ አውጪን ማን ይከራከራል? የአርዌ ተረት አስተዋይነቱ ውሉን ሳይደብቅ መናገሩ ነው። አንጋቦ ነጻ አውጪም ነው፣ ተደራዳሪም ነው፤ ሕዝቡ በመርዙ ከዘንዶው ተገላገለ፣ በውሉ ደግሞ አዲስ ንጉሥ ተቀበለ። ተረቱን ስንሰማ ፍየሏን እናስታውሳለን፣ ውሉን እንረሳለን። አርኪታይፕን ማወቅ የሚጠቅመንም ይህን መርሳት ለመከላከል ነው፤ አውሬውን ልግደልላችሁ ለሚል ሁሉ ከጭብጨባው በፊት የውሉን ዝርዝር እንድንጠይቅ።