ከወረቀት ወደ ድምፅ፦ በዲጂታል ትረካ ኮርስ ተማሪው ምን ይማራል?

ዲጂታል ትረካ የሚባለው አንድ ሰው ከራሱ ሕይወት የመረጠውን ጉዳይ በገዛ ድምፁ እየተረከ፣ ድምፁን ከፎቶግራፍ፣ ከአጫጭር ተንቀሳቃሽ ምስሎችና አንዳንዴም ከማጀቢያ ሙዚቃ ጋር አዋሕዶ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ አምስት ደቂቃ የሚፈጅ ቪዲዮ የሚያዘጋጅበት የአተራረክ ስልት ነው። ስልቱ በዩኒቨርሲቲዎች እንደ ኮርስ ሲሰጥ፣ ተማሪው ከቪዲዮው ጋር ነጸብራቅ እንዲያቀርብ፣ ማለትም በሥራው ሂደት ምን እንዳሰበ፣ ምን እንደለወጠና ስለምን እንደለወጠ በጽሑፍ እንዲያስረዳ መጠየቁ የተለመደ ነው። ለኮርሱ የሚመዘገብ ሰው የቪዲዮ ማቀናበሪያ ሶፍትዌር ሊማር እንደመጣ ቢያስብ አይፈረድበትም፤ ይሁንና ሶፍትዌሩ በጥቂት ቀናት ልምምድ የሚለመድ ሲሆን፣ ከባዱ ትምህርት የሚገኘው ተማሪው በወረቀት ላይ አሳምሮ የጻፈውን ዓረፍተ ነገር ለድምፅና ለምስል እየለቀቀ እንዲሄድ በሚገደድበት ቦታ ነው።

የስልቱ አመጣጥም ወደዚሁ ያመለክታል። ዳና አትችሊ የተባለው አሜሪካዊ የኪነ ጥበብ ሰው «ኔክስት ኤግዚት» በተሰኘው የመድረክ ሥራው፣ የሚነድ እሳት ምስል ከሚታይበት ስክሪን አጠገብ ተቀምጦ፣ የቤተሰቡን የቆዩ ፎቶግራፎችና ፊልሞች እያሳየ የሕይወቱን ታሪክ ይተርክ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1993 ሎስ አንጀለስ በሚገኘው የአሜሪካ የፊልም ኢንስቲትዩት ይህንኑ አሠራር ለሌሎች የሚያስተምር ዐውደ ጥናት ሲካሄድ፣ በሳን ፍራንሲስኮ ቲያትር ሲያዘጋጅ የኖረው ጆ ላምበርት አብሮት ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት ሁለቱ ከኒና መለን ጋር ሆነው በሳን ፍራንሲስኮ ያቋቋሙት ማዕከል በ1998 ወደ በርክሊ ተዛውሮ የዲጂታል ትረካ ማዕከል ተባለ፣ በ2015 ደግሞ ስቶሪሴንተር የሚለውን ስም ያዘ። ኮምፒውተሩ የገባው እንግዲህ በመድረክ ላይ ፊት ለፊት መተረክን በሚያውቁ ሰዎች እጅ ነው፤ ኮርሱን በኮምፒውተር ላቦራቶሪ ብቻ የሚያስተምሩ ተቋማት የሚዘነጉትም ይህንን ነው።

ይህ አሠራር ወደ ብሪታንያ የተሻገረው በፎቶግራፍ አንሺው ዳንኤል ሜዶውስ በኩል ሲሆን፣ ቢቢሲ ከካርዲፍ ዩኒቨርሲቲ ጋር እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2008 «ካፕቸር ዌልስ» በሚል ስም ባካሄደው ፕሮጀክት የዌልስ ነዋሪዎች የየራሳቸውን ትረካ እየሠሩ አቅርበዋል። ሜዶውስ ለቅርጹ ጥብቅ ልክ አበጀለት፦ ሁለት ደቂቃ ያህል ጊዜ፣ 250 ያህል የእንግሊዝኛ ቃላትና ከደርዘን ብዙ ያልራቁ ፎቶግራፎች። ሥራውንም አሥራ አራት ስንኝ ብቻ ከሚፈቅደው ሶኔት ከተባለው የምዕራባውያን የግጥም ዓይነት ጋር ያመሳስለው ነበር፤ ንጽጽሩ ተገቢ የሚሆነው በሁለቱም ዘንድ ልኩ ራሱ ተራኪውን የሚያስተምር በመሆኑ ነው።

የኮርሱ የመጀመሪያ ምዕራፍ የትረካ ክበብ ይባላል፤ ተሳታፊዎች ክብ ሠርተው ተቀምጠው እያንዳንዳቸው ያሰቡትን ታሪክ ወይም የጻፉትን ረቂቅ በየተራ የሚያሰሙበት፣ የቀሩት ሳያቋርጡ አዳምጠው አስተያየት የሚሰጡበት ስብሰባ ነው። ተማሪው ወደ ክበቡ ይዞ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ታሪክ ሳይሆን ርእሰ ጉዳይ ነው፤ ስለ ስደት፣ ስለ ወላጅ ሞት፣ ስለ ትምህርት ዋጋ መናገር ይፈልጋል፣ ግን የትኛው ቀን፣ የትኛው ቤት፣ ማን ለማን ምን አለ የሚለው ገና አልተለየም። ረቂቁን አንብቦ ከጨረሰ በኋላ አድማጮቹ «ከዚያስ?» ብለው ሲጠይቁት፣ ወረቀቱን አስቀምጦ እንደ ዋዛ የሚመልሰው መልስ ካነበበው ሁሉ የበለጠ ሕይወት ያለው ሆኖ መገኘቱ በዚህ ሥራ ደጋግሞ የሚታይ ነገር ነው። ጥሩ አስተማሪ በዚያች ሰዓት ጣልቃ ሳይገባ፣ ያችን መልስ ብቻ በማስታወሻው ይመዘግባል። አስተያየት የሚሰጠውም ሰው በብዙ ክበቦች ንግግሩን «ታሪኩ የእኔ ቢሆን ኖሮ» በሚል ሐረግ እንዲጀምር ይጠየቃል። ደንቡ ሲታይ ትንሽ ቢመስልም፣ ታላቅና ታናሽ አብረው በሚማሩበት የአበሻ ክፍል ውስጥ ጥቅሙ ጎልቶ ይወጣል፤ አንድ ወጣት እናቱን ለሚያህሉ ሴት «ይህን አንቀጽ ያውጡት» ለማለት ድፍረቱ ባይኖረው እንኳ፣ ታሪኩ የእሱ ቢሆን ከየት ይጀምር እንደነበር መናገር ግን አይከብደውም፤ እሳቸውም ሳይነኩ ይሰሙታል።

ከክበቡ በኋላ ረቂቁ እንዲያጥር ይደረጋል። ሦስት ገጽ የነበረው ወደ አንድ ገጽ ሲወርድ፣ መጀመሪያ የሚወጣው ፎቶግራፉ ራሱ የሚያሳየው መግለጫ ነው፤ የቤቱ ቆርቆሮ መዛጉ በምስሉ ላይ ከታየ፣ ተራኪው ስለ ዝገቱ መናገሩ አድማጩን ማሰልቸት ይሆናል። በአንጻሩ ፎቶግራፉ ሊያሳይ የማይችለው፣ ለምሳሌ ካሜራውን ይዞ የቆመው ማን እንደነበረ ወይም በማግስቱ ምን እንደተፈጠረ፣ በድምፅ መነገር አለበት። ላምበርት ምስሎችን ግልጽና ስውር ብሎ ይለያቸዋል፤ ግልጽ ምስል የሚባለው የተነገረውን ነገር በቀጥታ የሚያሳየው ሲሆን፣ ስውር ምስል ደግሞ ከቃሉ ጎን ቆሞ ሌላ ትርጉም የሚጨምረው ነው። ጀማሪ ተማሪ የሚመርጠው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ግልጹን ነው፤ ስለ ዝናብ ሲተርክ ዝናብ፣ ስለ ሐዘን ሲተርክ እንባ ይፈልጋል። ቀጥሎ የሚወጣው ተራኪው ስሜቱን የሚያብራራበት ክፍል ነው፤ ለማውጣት ከሁሉ የሚከብደው ግን በመጨረሻ ላይ የሚገኘው ምክር ነው፤ ምክንያቱም በትምህርት ቤት የድርሰት ልማድ ያለ ምክር የተጠናቀቀ ጽሑፍ እንደ ጎደሎ ስለሚቆጠር፣ ተማሪው መካሪውን አንቀጽ ሲያወጣ ሥራውን ያላለቀ አድርጎ ይገምተዋል።

በአማርኛ የሚተርክ ተማሪ ከዚህ ሁሉ በተጨማሪ በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች የተዘጋጀ መማሪያ የማይነግረው ችግር ይገጥመዋል። የአማርኛ ግስ አድራጊውን፣ ተደራጊውንና አሉታውን በአንድ ቃል ጠቅልሎ ስለሚይዝ፣ 250 ቃል የሚለው ልክ እንዳለ ቢወሰድ ትረካው ከሁለት ደቂቃ ያልፋል፤ ስለዚህ ቃል መቁጠር ትቶ ሰዓት ይዞ ጮክ ብሎ ማንበብ የተሻለ መለኪያ ነው። ይህስ ቀላሉ ነው። ዋናው ጉዳይ ግሱ በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ መምጣቱ ነው። «አባቴ ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ሲሠራ ይለብሰው የነበረውን ካፖርት እናቴ ለጎረቤት ሰጠችው» የሚል ዓረፍተ ነገር በትረካው ውስጥ ቢኖር፣ አድማጩ የባቡር ጣቢያውን፣ ካፖርቱንና እናቲቱን አንድ በአንድ እየሰማ፣ በካፖርቱ ላይ ምን እንደተደረገ ሳያውቅ እስከ መጨረሻው ቃል ይጠብቃል። እንግዲህ አቀናባሪው ካፖርቱን በጎረቤትየው ትከሻ ላይ የሚያሳየውን ፎቶግራፍ ከግሱ በፊት ቢያስገባው፣ ዓረፍተ ነገሩ በጥንቃቄ ያቆየውን ነገር ምስሉ ቀድሞ ያወጣዋል፤ ግሱ ከተነገረ በኋላ ለአንድ ትንፋሽ ያህል ዝም ብሎ ምስሉን ቢለቀው ግን ድምፁና ምስሉ ይደጋገፋሉ። የአማርኛ ገላጭ ሐረግም ከሚገልጸው ስም ስለሚቀድም፣ ካፖርቱ ከመጠራቱ በፊት ባቡር ጣቢያው ይታያል፤ የምስሎቹ ቅደም ተከተል ከእንግሊዝኛው ትረካ ይለያል ማለት ነው። ተማሪው ይህንን የሚረዳው የድምፁ ሞገድና የምስሎቹ ተርታ አንዱ ከሌላው በታች በሚታዩበት በሶፍትዌሩ የጊዜ መስመር ላይ ሲሠራ ነው፤ በሰዋስው ክፍል የተማረውን የዓረፍተ ነገር አወቃቀር ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ በጆሮውና በዓይኑ የሚለካውም እዚያ ነው።

ድምፅ መቅዳት ሌላ ፈተና ነው። ሰው የገዛ ድምፁን ሲናገር የሚሰማው በአየር ብቻ ሳይሆን በራስ ቅሉ አጥንት በኩልም በመሆኑ፣ የተቀዳውን ሲያዳምጥ ቀጥኖና ባዕድ ሆኖ ያገኘዋል፤ ብዙ ተማሪ በዚህ ተሸማቆ ወይ ሌላ ሰው እንዲያነብለት ይለምናል፣ ወይ ያልሆነውን ድምፅ ይዋሳል። አማርኛ ተናጋሪው የሚዋሰው ድምፅ ከየት እንደሚመጣ መገመት አያስቸግርም። ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በኢትዮጵያ ሬዲዮ ከተረከ ወዲህ፣ የትረካ ድምፅ ሲባል በብዙ ሰው ጆሮ የሚያስተጋባው የእሱ ነው። የወጋየሁ ትረካ ግን ብዙ ገጸ ባሕርያትን በየድምፃቸው የሚያናግር የተዋናይ ጥበብ ሲሆን፣ በዲጂታል ትረካ የሚፈለገው ባለታሪኩ ለአንድ ቅርብ ሰው እንደሚያወራ ሆኖ መናገሩ ነው፤ ስለዚህ ድምፁን አወፍሮ የልጅነቱን ታሪክ የሚተርክ ተማሪ፣ ትረካው የሌላ ሰው ይመስልበታል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ማይክሮፎኑን ከአፍ ትንሽ ወደ ጎን ማድረግ፣ መጋረጃና ልብስ የበዛበት የማያስተጋባ ክፍል መምረጥ፣ ከዚያም አንድ የሚያምኑትን ሰው ፊት ለፊት አስቀምጦ ለእሱ መንገር። ወረቀቱን ከማንበብ ይልቅ ለሰው ሲነገር፣ ለጆሮ የማይመቹ ረጃጅም ዓረፍተ ነገሮች ራሳቸው ተሰባብረው ይወጣሉ።

ስለ ቴክኒኩ ብዙ ማለት አያስፈልግም። የቆመ ፎቶግራፍን ቀስ እያሉ በማቅረብ፣ በማራቅ ወይም ወደ ጎን በማንቀሳቀስ ሕይወት የሚሰጠው ዘዴ በአሜሪካዊው የዘጋቢ ፊልም ባለሙያ በኬን በርንስ ስም የሚጠራ ሲሆን፣ ሶፍትዌሮች በአንድ ቁልፍ ስለሚያቀርቡት ያለ ልክ ይበተናል፤ ሁሉም ምስል ሲንቀሳቀስ የትኛውም አይታይም። ማጀቢያ ሙዚቃም ቃል ያለው ዘፈን ከሆነ ከተራኪው ጋር ይሻማል። የፎቶግራፍና የዘፈን ባለቤትነት፣ እንዲሁም በምስሉ ላይ ያሉት ዘመዶች ፈቃድ፣ ከሥራው በኋላ ሳይሆን ከመጀመሪያው መጠየቅ ያለበት ጉዳይ ነው።

የቀረው የምዘና ጉዳይ ነው። ላምበርት ቀድሞ ጥሩ ዲጂታል ትረካ ሊኖሩት የሚገቡ ሰባት ነገሮች ብሎ የዘረዘራቸውን፣ ማለትም የተራኪውን አመለካከት፣ ልብ አንጠልጣይ ጥያቄን፣ ስሜትን፣ ድምፅን፣ ማጀቢያን፣ ቁጥብነትንና የፍጥነት ልክን፣ በኋላ ተራኪው በሚያልፍባቸው ሰባት ደረጃዎች ተክቷቸዋል፤ ትኩረቱ ካለቀው ቪዲዮ ወደ አሠራሩ ዞረ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በቨርጂኒያ በሚገኘው በሜሪ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ዲኤስ 106 በሚል መጠሪያ የታወቀው ኮርስም፣ ተማሪው ከሥራው ጋር እንዴት እንደሠራው የሚገልጽ ጽሑፍ እንዲያቀርብ ያደርጋል። እንዲህ ያለው ነጸብራቅ ግን በአብዛኛው ምስጋናና «ብዙ ተምሬአለሁ» የሚል ጥቅል ቃል ይበዛበታል። የመጀመሪያው ረቂቅና የመጨረሻው የድምፅ ጽሑፍ ጎን ለጎን እንዲቀርቡ ተደርጎ፣ ተማሪው ስለወጣ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ አንድ ገጽ ቢጽፍ፣ የት እንደነበረ፣ ስለምን እንደወጣ፣ ቦታውን የተካው ምስል ነው ወይስ ዝምታ የሚለውን ቢያስረዳ፣ መምህሩ ቪዲዮውን ብቻ በማየት ሊያገኘው የማይችለውን ማስረጃ ያገኛል፤ እንዲህ ያለ አንድ ዓረፍተ ነገር መጥቀስ ያቃተው ተማሪም፣ ቪዲዮው የቱንም ያህል ቢያምር፣ ከውጤቱ በፊት ረቂቁን ይዞ ወደ ክበቡ እንዲመለስ ቢደረግ ይሻላል።