ቴሌቪዥን በኮምፒዩተር ሲተካ፤ ስለ ቤት ትርኢትና ስለ ድራማ ጽሕፈት

በአዲስ አበባ በስተ ደቡብ የሚገኘው የንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ በስሙ ውስጥ አንድ የቀድሞ ዘመን ቃል ይዞ ይኖራል። የዚያ ዘመን ሰዎች ያለ ሽቦ ቃልን ከሩቅ የሚያደርሰውን መሣሪያ «የነፋስ ስልክ» ብለው ሰየሙት፤ የሰፈሩም ስም ከዚሁ እንደ መጣ ይነገራል። ስሙ በሚገባ የተመረጠ ነው፤ ነፋስ የሚያመጣውን ነገር በመጣበት ሰዓት ያልሰሙት እንደ ሆነ አልፎ ይሄዳልና። ራዲዮም፥ ኋላም ቴሌቪዥን፥ ከዚህ ጠባይ ያልወጡ የነፋስ ልጆች ነበሩ።

ዛሬ በዚሁ ክፍለ ከተማ፥ በጀሞና በለቡ፥ በመካኒሳና በጎፋ ካሉት ቤቶች አንዳንዶቹ ቴሌቪዥኑን ከሳሎን አውጥተው በቦታው ኮምፒዩተር ማኖር ጀምረዋል፤ አዲስ ጎጆ ከሚወጡት ወጣቶችም መካከል ቴሌቪዥን ለመግዛት ጭራሽ የማያስቡ አሉ። የሚሰጡት ምክንያት ግልጥ ነው። በጠባብ የኮንዶሚኒየም ክፍል ውስጥ አንድ መሣሪያ ለሥራም፥ ለትምህርትም፥ ለጨዋታም ሲበቃ ሁለት መግዛት ትርፍ ወጪ ይሆናል። መብራት በጠፋ ጊዜ ቴሌቪዥኑ ሲጨልም ላፕቶፑ በባትሪው ጥቂት ሰዓት ይቈያል። ሳህን መስቀልና ነፋስ ባዞረው ቍጥር ሠራተኛ እየጠሩ ማስተካከልም ይቀራል። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ጉዳዩን የዋጋና የቦታ ጉዳይ ብቻ አድርጎ ማየት ጐደሎ ፍርድ ነው። በብዙ ቤት መጽሐፍ ከሚገለጥበት ሰዓት ይልቅ ድራማ የሚታይበት ሰዓት ስለሚበዛ፥ የመሣሪያው መለወጥ የሥነ ጽሑፍም ጉዳይ ይሆናል። ይኸውም ድራማ የሚጻፍበትን መንገድ፥ የሚመዘንበትን ሚዛንና ቤተ ሰብ የሚሰበሰብበትን ሰዓት ስለሚለውጥ ነው።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በአገሩ የሚታየው የመንግሥት ጣቢያ ብቻ ነበር። ጣቢያው ሰዓቱን ይወስናል፤ ተመልካቹም በተባለው ሰዓት ከመሣሪያው ፊት ይቀመጣል። የዘገየ ሰው ያመለጠውን ነገር ከጎረቤቱ አፍ ይሰማል እንጂ ራሱ ተመልሶ ሊያየው አይችልም ነበር። ቪዲዮ ካሴት በመጣ ጊዜ ይህ ልማድ በጥቂቱ ላላ፤ ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ኢ.ቢ.ኤስ.ን የመሳሰሉ የግል ጣቢያዎች በሳተላይት መጡ፤ በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የውጭ አገር ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ እያሰማ ተከተለ፤ በዚያም ጊዜ ከአገር ውስጥ የጥበብ ሰዎች ብዙ ተቃውሞ ተነሣበት። የጣቢያው ቍጥር ቢበዛም የነገሩ ሥር አልተለወጠም፤ ሰዓቱ የጣቢያው ነበር። ይህን ሥር የነቀለው ኮምፒዩተር ነው። በዩቲዩብ የተቀመጠውን ክፍል የፈለገ ሰው በፈለገው ሌሊት ያየዋል፤ ያቆመዋል፤ ወደ ኋላ ይመልሰዋል።

የዚህን ለውጥ ትርጕም ለመረዳት የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ሁለት ልማዶችን ማሰብ ይጠቅማል። ቅኔ በማሕሌት አንድ ጊዜ ይሰማል፤ ትናንት የተዘረፈው ዛሬ አይደገምም፤ ባለ ቅኔው ለየጊዜው አዲስ ማምጣት ይገባዋልና። ሰሚውም ጆሮው የሠለጠነ ስለ ሆነ ሰሙንና ወርቁን በዚያው ቅጽበት ይለያል። የመጽሐፍ ትርጓሜ ግን ሌላ መንገድ አለው። መምህሩ በአንድ ንባብ ላይ ተቀምጦ፥ አንድም እያለ፥ ወደዚያው ቃል ደጋግሞ ይመለሳል፤ ደቀ መዝሙሩም በመመለስ ይማራል። የቴሌቪዥን ድራማ ቅኔው በሚሰማበት ሁኔታ ይታይ ነበር፤ አንድ ጊዜ ታይቶ ያልፋል፤ ነገር ግን ተመልካቹ እንደ ቅኔ ሰሚ የሠለጠነ አልነበረም። ስለዚህ ደካማው ሥራ ከብርቱው ጋራ እኩል ሲወደስ ኖረ፤ ያለፈውን የሚመረምር አልነበረምና። «በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው ተረት የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። ኮምፒዩተር ድራማን ከቃል ወገን አውጥቶ ከጽሑፍ ወገን አኑሮታል።

ይህ መመለስ ለጥሩ ሥራ ክብር እንጂ ጉዳት እንደማያመጣ አንድ ምሳሌ ይበቃል። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ከወጣ በኋላ ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ ተረከው። ብዙ ሰዎች ታሪኩን በመጀመሪያ ያወቁት በዚያ ድምፅ ነው፤ ያን ጊዜም ትረካው የሰዓት እስረኛ ነበር። የሰሙት ሰዎች ግን ወደ መጽሐፉ ተመልሰው በድምፅ የወደዱትን በፊደል መረመሩት፤ መጽሐፉም ሲመረመር አላነሰም። ዛሬ የወጋየሁ ትረካ ራሱ በኮምፒዩተር ይገኛል፤ ሰሚው አንድን ዐረፍተ ነገር ዐሥር ጊዜ ቢያስደግመው የተራኪው ጥበብ ይበልጥ ይገለጥለታል እንጂ አይሰለቸውም። በሁለተኛው መስማት የሚያድግ ሥራ ብርቱ ሥራ ነው።

በዚህ ሚዛን የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ሲመዘን ውጤቱ የተደባለቀ ነው። በ2000ዎቹ ዓመታት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የታዩት «ገመና»ና «ሰው ለሰው» የከተማውን ሰው በየሳምንቱ ከቤቱ የሰበሰቡ ሥራዎች ነበሩ። በተለይ አቶ አበበ ባልቻ አስናቀን ሆነው የተጫወቱበት «ሰው ለሰው» በመሥሪያ ቤትም በታክሲም የሳምንቱ መነጋገሪያ ሆኖ ነበር። እንደነዚህ ያሉት ድራማዎች የተሠሩት ለመጠበቅ ነው። የክፍሉ መጨረሻ በአንድ በር መከፈት ወይም በአንድ ስልክ መጮኽ ላይ ይቆማል፤ ተመልካቹ ሰባት ቀን ሙሉ ሲገምት ይሰነብታል። ያለፈውን ሳምንት ያላየ ሰው እንዳይጠፋበትም ሰዎቹ አስቀድሞ የታወቀውን ነገር እርስ በርሳቸው መልሰው ይነጋገራሉ። ይህ በሳምንት አንድ ጊዜ ለሚያይ ሰው ችሮታ ነው። በኮምፒዩተር ስድስቱን ክፍል በአንድ ሌሊት ለሚያይ ግን ድግግሞሹ ሸክም ይሆናል፤ የበሩም መከፈት ሰባት ቀን ያህል ያስፈራ የነበረው በሰባት ሰከንድ ውስጥ ይፈታል። ከሳምንቱ ግምት ያገኝ የነበረው ኀይል ሲወሰድበት የሚቀረው የድርሰቱ የራሱ አጥንት ነው። በ«ሰው ለሰው» ዘንድ ያለ ሳምንቱ እርዳታ ጸንቶ የሚቆመው ከሁሉ በፊት የአስናቀ ሰውነት ነው፤ የተዋናዩ ዝምታና አነጋገር በጥበቃ ላይ አልተመሠረተምና።

ይህ ፈተና ለኢትዮጵያ ድራማ ብቻ የመጣ አይደለም። እንግሊዛዊው ቻርልስ ዲክንስ እ.ኤ.አ. ከ1836 እስከ 1837 የመጀመሪያ ልብ ወለዱን በየወሩ በትንንሽ ጥራዝ አወጣ፤ ኋላ ሁሉ በአንድነት ሲጠረዝ ያለ ወር ጥበቃ የሚያነብ አንባቢ አገኘው፤ ሥራውም ከዚህ ፈተና ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ኔትፍሊክስ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት «ሃውስ ኦቭ ካርድስ» የተሰኘውን ድራማ ዐሥራ ሦስት ክፍል በአንድ ቀን አውጥቶ ሳምንት መጠበቅን ጭራሽ አስቀረ። ጸሓፊዎች ከዚያ ወዲህ አንድ ረጅም ታሪክን እንደ መጽሐፍ ምዕራፍ መክፈል ይችላሉ፤ ያለፈውን ለማስታወስ ሲሉ ንግግርን ማባከን አያስፈልጋቸውም።

ከቅርብ ጊዜ የአማርኛ ሥራዎች ውስጥ ይህን ፈተና ለመቀበል የተሻለ ዝግጅት የሚታይበት በ2014 ዓ.ም. በአርትስ ቴሌቪዥን የታየው «እረኛዬ» ነው። አዜብ ወርቁ፥ ቅድስት ይልማና ቤዛ ኃይሉ የጻፉት ይህ ድራማ በገጠር ሕይወትና በገጠር አማርኛ ላይ ቆሟል። ብርታቱ በምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ ሳይሆን በቃሉ አመራረጥ ነው። የሽማግሌው ምርቃት፥ የባልቴቷ ሽሙጥ፥ ሰው ሳይናገር የሚተወው ነገር፥ ሁሉም በመጀመሪያው እይታ በግማሽ ይያዛሉ፤ ተመልሶ የሚያይ ሰው ሌላውን ግማሽ ያገኛል። ይህ ማለት ሥራው እንከን የለውም ማለት አይደለም፤ ሲሰበሰብ ከማዕከሉ የሚርቁ ትዕይንቶች በተከታታይ ለሚያይ ሰው ፍጥነቱን ያላላሉ። ሆኖም እንከኑ ራሱ ሊጠቀስና ሊመረመር የቻለው ድራማው በኮምፒዩተር ተቀምጦ ስለሚገኝ ነው። ሂስ ከእንግዲህ ከትዝታ ላይ ሳይሆን ከማስረጃ ላይ ሊጻፍ ይችላል፤ ተሳዳቢም አወዳሽም «ክፍሉን ክፈትና አሳየኝ» ሲባል መልስ ሊያጣ ይችላል።

እንግዲህ በሥነ ጽሑፍ በኩል ኮምፒዩተር ያመጣው ትርፍ ከፍ ያለ ነው። በቤተ ሰብ በኩል ግን ኪሳራ አለ፤ ኪሳራውም በዝምታ የሚመጣ ስለ ሆነ ይበልጥ ሊታሰብበት ይገባል። ቴሌቪዥን ጉድለቱ ብዙ ቢሆንም ቤተ ሰብን በአንድ ሰዓት በአንድ ክፍል ያስቀምጥ ነበር። አያት ከልጅ ልጅ ጋራ አንድ ነገር ያያል፤ ቡና እየተፈላ ክፉው ሰው ይረገማል፤ ደግዋ ሴት ይታዘንላታል፤ ልጁም በዚያው መካከል የአያቱን ፍርድ ይሰማል። ኮምፒዩተር ግን በጠባዩ የአንድ ሰው ነው። ገጹ ትንሽ ነው፤ ማዳመጫው ጆሮን ይዘጋል፤ የምስጢር ቍልፉን የሚያውቀው ወጣቱ ነው። ቀድሞ የቴሌቪዥኑ መቈጣጠሪያ በአባወራው ወይም በእማወራዋ እጅ ነበር፤ አሁን አሮጊቲቱ ድራማ ለማየት የልጅ ልጇን መልካም ፈቃድ ትጠብቃለች፤ ልጁ ከቤት ሲወጣ ትርኢቱም አብሮት ይወጣል። አንድ ቤት አምስት ሰው ይዞ አምስት ድራማ ሲታይበት፥ በገበታ ላይ የጋራ የሆነ ታሪክ አይገኝም። የጋራ ታሪክ ካልተገኘ ደግሞ ልጅ ስለ ክፉና ስለ ደግ ከሽማግሌ ጋራ የሚከራከርበት አጋጣሚ ይቀንሳል።

ሌላው ኪሳራ በጸሓፊው ላይ ይወርዳል። በየሰፈሩ ፊልም በፍላሽና በሃርድ ዲስክ እየጫኑ በጥቂት ብር የሚሸጡ ሱቆች አሉ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 410 በ1996 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ነገር ግን በፍላሽ የተሸከሙትን ድራማ የጸሓፊው ድካም ነው ብሎ የሚያስብ ገዢ ጥቂት ነው። መጽሐፍን ከሱቅ ሰርቆ መውሰድ ነውር መሆኑን የሚያውቅ የተማረ ሰው ድራማን ያለ ፈቃድ ገልብጦ ሲወስድ አያፍርም። ኮምፒዩተር ድራማን የመጽሐፍ ያህል ካከበረው፥ ባለቤቱም የመጽሐፍ ደራሲ የሚገባውን ያህል ሊከበር ይገባል። ከሕጋዊው ጣቢያ ገጽ ላይ ማየት ለጸሓፊው ጥቂት ቢያተርፍለት ከፍላሹ ይልቅ ይሻላል፤ ደመወዝ የማያገኝ ጸሓፊ ሁለተኛ እይታን የሚችል ድርሰት ለመጻፍ ጊዜ አይኖረውምና።

ከዚህ በመነሣት ቴሌቪዥኑን አውጥቶ ኮምፒዩተሩን ያስገባ ቤት ጥፋት ሠራ ሊባል አይችልም። የጣቢያውን ሰዓት ከቤቱ ሲያስወጣ ግን ያን ሰዓት በሌላ መተካት ግዴታው ሆኗል። ነገሩ ከባድ አይደለም። ቴሌቪዥኑ ገና ካልተሸጠ ኮምፒዩተሩን በገመድ ከእርሱ ጋራ ማያያዝ ይቻላል፤ ያን ጊዜ ትንሹ ገጽ ለሁሉ የሚታይ ትልቅ ገጽ ይሆናል። በሳምንት አንድ ምሽት፥ አንድ ሥራ፥ ተራ በተራ እየመረጡ፥ አንድ ጊዜ አያት፥ አንድ ጊዜ ልጅ፥ በአንድነት ማየትና ካበቃም በኋላ መነጋገር ይቻላል። ማቆሚያው በእጅ ስለ ሆነ ያልገባቸው አሮጊት «ምን አለ?» ብለው ሲጠይቁ መልሶ ማሰማት ይቻላል፤ ይህን ቸርነት ቴሌቪዥን በስልሳ ዓመት ዕድሜው ሊሰጥ አልቻለም።

ለድራማ ጸሓፊዎች ደግሞ የሚቀረው ምክር አጭር ነው። ተመልካቹ ከእንግዲህ አንድ ጊዜ ሰምቶ የሚሄድ መንገደኛ አይደለም፤ እንደ ትርጓሜ ደቀ መዝሙር ተመልሶ የሚመጣ ነው። ስለዚህ በክፍሉ መጨረሻ ላይ የሚያንጠለጥሉትን ጥያቄ ከማብዛት ይልቅ በየንግግሩ ውስጥ የሚያኖሩትን ፍሬ ቢያበዙ ሥራቸው ዕድሜ ያገኛል። በጀሞ አንድ ቤት ውስጥ የልጅ ልጅ ለአያቱ ከዐሥር ዓመት በኋላ ከፍቶ የሚያሳያቸው ድራማ የትኛው እንደሚሆን የሚወሰነው ዛሬ በጸሓፊው ጠረጴዛ ላይ ነው።