ጀሪካን የሚሞላበት ዳር

ለመጀመሪያ ጊዜ ውሃ ላይ ፀረ አረም የረጨሁት አዋሽ ተፋሰስ ውስጥ፣ በአንድ እርሻ የመስኖ ኩሬ ላይ ነበር። እምቦጩ ኩሬውን ከዳር እስከ ዳር ሸፍኖት ፓምፑ በየሰዓቱ ይታፈናል። መጠኑን ለክቼ፣ ነፋሱ እስኪበርድ ጠብቄ፣ ከሁለት ረዳቶቼ ጋር በአንድ ቀን ጨረስነው። በሥራዬ ኮርቼ ተኛሁ።

በሁለተኛው ሳምንት ጎህ ሲቀድ የኩሬው ጠባቂ ቀሰቀሱኝ። ቆረሶው ሆዱን ገልብጦ ዳር ዳሩን ተንሳፏል። ከአየር መተንፈስ የሚችለው አምባዛ ብቻ ነበር የሚንቀሳቀሰው። "ምነው ልጄ፣ ዓሣውን መረዝከው?" አሉኝ።

የገደለው መርዙ አልነበረም። የሞተው አረም ሰምጦ ሲበሰብስ የውሃውን ኦክስጅን ጨረሰው። ሌሊት ፀሐይ ስለሌለች አልጌው ኦክስጅን አይሠራም፤ ውስጡ ያለው ፍጥረት ሁሉ ግን ይተነፍሳል። ስለዚህ ውሃ ትንፋሽ የሚያጥረው ንጋት ላይ ነው። ጠርሙሱ ላይ የተለጠፈው መመሪያ ከፋፍለህ ርጭ፣ በመሃል ሁለት ሳምንት ያህል ጠብቅ ይላል። እኔ ያነበብኩት መጠኑን ብቻ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው።

ከዚያ ወዲህ ጠርሙስ ከመክፈቴ በፊት ንጋት ላይ ኦክስጅን እለካለሁ። የከፍታውንም ነገር የተማርኩት ስለካ ነው። በባሕር ጠለል ላይ 25 ዲግሪ የሞቀ ውሃ በሊትር 8 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል፤ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለው ጣና ግን 6.6 አካባቢ ነው። ለቆላ ሐይቅ የተጻፈ መመሪያ ይህን አያውቅም።

እምቦጭ በኢትዮጵያ መጀመሪያ ቆቃ ግድብ ላይ የታየው በ1965 እ.ኤ.አ. ነው፤ ጣና ላይ የታወቀው ደግሞ በ2011 እ.ኤ.አ.። ከዚያ ወዲህ የማይቀርልኝ ጥያቄ "ለምን አትረጩትም?" የሚል ነው። ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ ሲነቅል የሚውለውን ገበሬ ያየ ሰው ይህን ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

ራውንድ አፕ በሚለው ስሙ የምናውቀው ግሊፎሴት የሚያግደው ተክሎች አንዳንድ አሚኖ አሲዶችን የሚሠሩበትን መንገድ ነው፤ ሰውም ዓሣም ያ መንገድ የላቸውም። በ2015 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ሰው ላይ ካንሰር ሊያመጡ ይችላሉ ተብለው በእጅጉ ከሚጠረጠሩት ጋር መደበው፤ የአሜሪካው የአካባቢ ጥበቃ ተቋም ግን አልተስማማም። እኔን ከዚህ ክርክር ይልቅ የሚያሳስበኝ አብሮት የሚቀመመው ነገር ነው። ለደረቅ እርሻ የሚዘጋጀው ብዙውን ጊዜ ቅጠል ላይ እንዲጣበቅ ሳሙና መሰል ቅመም ይገባበታል፤ ያ ቅመም ዓሣንና የእንቁራሪት ግልገልን ይጎዳል። ለውሃ የሚዘጋጀው ሌላ ነው። በስማቸው ብቻ የሚገዛ ሰው ሁለቱን ያምታታል።

ጭቃውም አለ። ግሊፎሴት ሸክላ አፈር ላይ ይጣበቃል። ከደፈረሰ ሐይቅ ቀድቶ የሚበጠብጥ ሰው መድኃኒቱ ሲደክምበት ያያል፤ ከዚያ መጠን ይጨምራል።

የአሜሪካው የግሊፎሴት መመሪያ በሐይቅ ላይ ከመጠጥ ውሃ መሳቢያ 800 ሜትር ያህል ራቅ፣ ካልሆነም መሳቢያውን ዝጋና ውሃው ውስጥ ያለው ግሊፎሴት በሊትር ከ0.7 ሚሊ ግራም በታች መውረዱን አረጋግጥ ይላል። መሳቢያው የታወቀ አንድ ቧንቧ ከሆነ ጥሩ ሕግ ነው። ጣና ዳር ግን እያንዳንዱ ጀሪካን መሳቢያ ነው። ነፋስ የወሰደው ርጭት ታንኳ የሚሠራበትን ደንገል ያደርቃል፤ የፎገራን ሩዝም አይምርም። የተዘጋ ቦይና ኩሬ ቢሰጠኝ ዛሬም እረጫለሁ። ጣናን ግን፣ ዳሩ ላይ ለሚኖረው ሰው ሌላ የመጠጥ ውሃ ሳይዘጋጅ፣ አልረጭም።

ደምቢያ ዳር አንዲት እናት ውሃ ሲቀዱ አገኘኋቸው። "እማማ፣ ቢረጭ ለጥቂት ቀን ከዚህ አይቀዱም" አልኳቸው።

ጀሪካኑን መሬት ላይ አሳርፈው "ታዲያ ከየት?" አሉኝ።

ቅርብ ነው ያሉኝን ጉድጓድ በእጃቸው አመለከቱኝ። በእግሬ ሄጄ ደረስኩበት፤ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ። ማስታወሻዬ ላይ ከንጋቱ የኦክስጅን ቁጥር ሥር ይህንንም ጻፍኩት።