ሰብለ ወንጌልን እንዴት እናንብባት?

የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ከወጣ ወዲህ በአማርኛ አንባቢ ዘንድ ያገኘውን ፍቅር የሚስተካከል ልብ ወለድ አለ ለማለት ያስቸግራል። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ከተረከው በኋላማ ፊደል ያልቆጠረው እንኳ ሰብለ ወንጌልንና በዛብህን እንደ ጎረቤት ልጆች አወቃቸው። በምኖርበት በሁስቢ፣ በስቶክሆልም ሰሜናዊ ዳርቻ፣ በገባሁባቸው የወገን ቤቶች መደርደሪያ ላይ አንድ የአማርኛ ልብ ወለድ ብቻ ቢገኝ እሱ ነው። የምንወደውን መጽሐፍ ግን እንዴት እንዳነበብነው መመርመር ተገቢ ይመስለኛል።

የእኔ ትውልድ መጽሐፉን ያነበበው በባላባታዊው ሥርዓት ላይ እንደ ቀረበ የክስ መዝገብ ነው። ተማሪው «መሬት ለአራሹ» ብሎ አደባባይ የወጣው በ1957 ዓ.ም.፣ መጽሐፉ ከመታተሙ አንድ ዓመት በፊት ነበርና ንባቡ ከዘመኑ ጋር ገጠመ። ፊታውራሪ መሸሻ የትምክህተኛው ገዥ መደብ ምሳሌ፣ ጉዱ ካሣ ደግሞ የለውጡ ነቢይ ተደርገው ተወሰዱ። ሰብለስ? ሰብለ የአባቷ ትምክህት ማስረጃ ሆና ቀረች። መከራዋ የተቆጠረው ለራሷ ሳይሆን ለክሱ ነው።

ይህ ንባብ ስሕተት ነው አልልም፤ ጎዶሎ ነው እንጂ። በሰብለ ላይ የተጫኑት ሁለት ሥልጣኖች ናቸው፤ የባላባቱና የአባትየው። በዛብህ ለምን እንደ ተናቀ የዘር ትምክህት ይነግረናል። ሰብለ ለምን እንዳልተጠየቀች ግን አይነግረንም። የጭሰኛው ልጅስ ብትሆን ማን ጠይቋት ይዳራት ነበር? «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» የሚለው ተረት የባላባት ቤት ብቻ ተረት አይደለም፤ በጎጆውም በአዳራሹም ሲነገር የኖረ ነው።

ታሪክም ሁለቱን ሥልጣኖች ለይቶ አሳይቶናል። የመሬት አዋጁ በየካቲት 1967 ዓ.ም. ሲታወጅ የፊታውራሪ መሸሻ ዓለም ፈረሰ። ይሁንና ባል የቤተሰቡ የበላይ መሆኑን የደነገገውና ሚስት እንድትታዘዘው የሚያዝዘው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 635 አብሮ አልፈረሰም። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. እስኪወጣ ድረስ፣ አብዮቱን አልፎ፣ ደርግንም ተሻግሮ፣ 25 ዓመት ቆየ። ለመሻሻሉም ብዙ የደከሙት የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን የመሠረቱት ሴቶች ናቸው። ባላባቱን የጣለው እጅ ባልን በዙፋኑ ላይ እንደ ተቀመጠ ተወው ማለት ነው።

ወደ ቀደሙት መጻሕፍት መለስ ብንል ነገሩ ጥንተ መሠረት እንዳለው እናያለን። «ክብረ ነገሥት» የመንግሥታችንን ምንጭ ከአንዲት ጥበብ ወዳድ ንግሥት ይጀምራል፤ ወዲያው ግን በራሷ በንግሥቲቱ አንደበት ከእንግዲህ ሴት እንዳትነግሥ ያስምላል። ማክዳ በሩን ከፍታ ከገባች በኋላ ከኋላዋ ለሚመጡት ዘግታው ትሄዳለች። በ1909 ዓ.ም. ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት ስትባል ያ በር ለጥቂት ጊዜ ተከፈተ እንጂ አልተነቀለም።

በ1672 እ.ኤ.አ. የተጻፈው «ገድለ ወለተ ጴጥሮስ» ደግሞ ባሏን ትታ፣ የንጉሥ ሱስንዮስን ሃይማኖት ተቃውማ፣ በጣና ዙሪያ ማኅበረ መነኮሳትን የመራች ሴት ያሳየናል። ይህን ሁሉ ለማድረግ ግን ጠጉሯን ተላጭታ መመንኮስ ነበረባት። የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ጦቢያ፣ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ በታተመው ልብ ወለድ፣ በአገር መካከል የምትንቀሳቀሰው የወንድ ልብስ ለብሳ ነው። ሰብለ ወንጌልም ከአባቷ ቤት ስታመልጥ የመነኩሴ ልብስ ትለብሳለች፤ መጨረሻዋም ምንኩስና ነው።

እንግዲህ በእነዚህ ሥራዎች ራሷን ለማዘዝ ለምትሻ ሴት የተተዉላት መውጫዎች ሁለት ናቸው፤ ወይ ወንድ መምሰል፣ ወይ ከዓለም መለየት። ሴት ሆና፣ በዓለም ውስጥ፣ በገዛ ስሟ «አልፈልግም» ወይም «እፈልጋለሁ» የምትልበት መንገድ አልተሠራላትም።

ደራሲው የኖረበትን ማኅበረሰብ ቢያሳይ ምን ጥፋት አለው የሚል ይኖራል። ጥፋት የለውም። እንዲያውም ሐዲስ ሰብለን ብቻዋን መንገድ እንድትወጣ ማድረጋቸው ትልቅ ድፍረት ነው። ጥያቄዬ ለደራሲው ሳይሆን ለእኛ ለአንባቢዎች ነው፤ ያሳዩንን በር እያየን ለምን ስለ በሩ አልተነጋገርንም?

እዚህ አገር ያለው ታሪክ ለዚህ ጥሩ ንጽጽር ይሆነናል። ስዊድን እንዲህ ሆና አልተፈጠረችም። ፍሬድሪካ ብሬመር በ1856 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው «ሄርታ» የተሰኘ ልብ ወለድ ለአቅመ ሔዋን ደርሳ በአባቷ ሥልጣን ሥር ስለ ታሠረች ልጅ ነው። መጽሐፉ ብርቱ ክርክር አስነሣ፤ በ1858 ያላገቡ ሴቶች 25 ዓመት ሲሞላቸው ለፍርድ ቤት አመልክተው ከሞግዚትነት እንዲወጡ ተፈቀደ። ታላቁ ስትሪንድበሪ በ1884 ባወጣው የትዳር ታሪኮች መድበል የኢብሰንን ኖራ ቢያላግጥባትም፣ ያገባች ሴት በሕግ ሙሉ ሰው የሆነችው በ1921 ቢሆንም፣ ክርክሩ አልቆመም። እነሱ የሚወዷቸውን መጻሕፍት ተጣሏቸው። እኛ የምንወደውን አለቀስንበት።

በስደት ይህ ልቅሶ ሌላ መልክ ይይዛል። አገር የናፈቀው አባት ሰብለን ለሴት ልጁ የጨዋነት ምሳሌ አድርጎ ያቀርባታል። አንዲት ሁስቢ ተወልዳ ያደገች ወጣት ታሪኩን ከእናቷ አፍ ሰምታ፣ «ታዲያ አባቷን ለምን ማንም አልተቆጣውም?» ስትል ሰምቻለሁ። በዙሪያዋ የነበርነው ትልልቆች ጥያቄውን የፈረንጅ ትምህርት ያመጣው ነው ብለን ለማለፍ ቸኮልን። ሆኖም ጥያቄው ከስዊድን የመጣ አይደለም፤ ከመጽሐፉ ከራሱ የወጣ ነው። ፊታውራሪን በባላባትነቱ የተቆጣ በመካከላችን ሞልቷል። በአባትነቱ የተቆጣው ግን ጥቂት ነው፤ አባትነቱን ብዙዎቻችን ይዘነው ተሰድደናልና።

ስለዚህ መጽሐፉን ለልጆቻችን እናውርስ፤ ግን ከነጥያቄው። ሰብለ የጨዋ ልጅ ምሳሌ ሆና ሳይሆን፣ ፈቃዷን ሳትጠየቅ የኖረች አስተዋይ ሴት ሆና ትነበብ። ስለ መቃብሩ ብዙ አንብተናል፤ እሷ ሳትመነኩስ ትወጣበት ስለነበረው በር ደግሞ ከልጆቻችን ጋር ቁጭ ብለን እንነጋገር።