መቁጠር ሌላ፣ መጠን ማወቅ ሌላ

ስለ ኦቲዝም ከተሠሩ ፊልሞች መካከል የ«ሬይን ማን»ን ያህል በሕዝብ አእምሮ የተቀረጸ አለ ለማለት ያስቸግራል። ባሪ ሌቪንሰን ያዘጋጀው ይህ ፊልም እ.ኤ.አ. በ1988 ለዕይታ በቅቶ በተከታዩ ዓመት የምርጥ ፊልም ኦስካርን ወሰደ፤ ሬይመንድን ሆኖ የተጫወተው ደስቲን ሆፍማንም በምርጥ ተዋናይነት ተሸለመ። ብዙው ተመልካች ከፊልሙ ይዞ የወጣው ግን ሬይመንድ ወለል ላይ የፈሰሰውን ስቴኪኒ በቅጽበት ቆጥሮ 246 መሆኑን የሚናገርበትን ትዕይንት ነው። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ሁሉ በስሌት የተለየ ተሰጥዖ አለው የሚለው የተሳሳተ እምነት ብዙ ስንቅ ያገኘው ከዚሁ ነው።

የፊልሙ ትልቁ እውነት ያለው በሌላ ትዕይንት ላይ ይመስለኛል። አንድ የትንሽ ከተማ ሐኪም 4343 በ1234 ሲባዛ ስንት እንደሚሆን ይጠይቀዋል። ሬይመንድ 5,359,262 ብሎ በትክክል ይመልሳል። አንድ ቸኮሌት ስንት እንደሚያወጣ ሲጠየቅ ግን መቶ ዶላር ገደማ ይላል፤ ስለ አዲስ መኪና ሲጠየቅም መልሱ ያው መቶ ዶላር ነው። ከአንድ ዶላር ላይ ሃምሳ ሳንቲም ቢያጠፋ ስንት እንደሚቀረው ሲጠየቅ ሰባ ገደማ ይላል። ማስላትና የመጠንን ትርጉም መረዳት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ በላይ አጥርቶ ያሳየ ትዕይንት አላውቅም።

ነቀፌታዬም የሚነሣው ከዚሁ ትዕይንት ነው። መልሱ ሬይመንድ ብቻውን ሊኖር እንደማይችል ማስረጃ ሆኖ ያልፋል። ሁሉም ይፈትነዋል፤ ስለ ገንዘብ ያስተማረው ሰው ይኖር እንደሆነ የሚጠይቅ ግን የለም። ወንድሙም ላስ ቬጋስ ወስዶ በችሎታው ቁማር ይበላበታል። ተሰጥዖው ለሌላው ጥቅም ሲውል፣ ጉድለቱ በራሱ ላይ ፍርድ ይሆናል።

ትምህርት ቤት የሚጀምረው ፊልሙ ካቆመበት ነው። አንድ ልጅ እስከ ሃያ ያለውን ቁጥር በቃሉ ይወርደው ይሆናል፤ «አምስት ባቄላ ስጠኝ» ሲባል ግን እፍኙን ሞልቶ ያነሣል። በባቄላ የለመደውን «አምስት» በብርቱካን ላይ ሲያገኘው አዲስ ነገር ሊሆንበት ይችላል። ስለዚህ መምህሩ ያንኑ ቁጥር ከባቄላ ወደ ብርቱካን፣ ከዕቃ ወደ ሥዕል፣ ከሥዕል ወደ አሃዝ በትዕግሥት ያሻግረዋል፤ በመጨረሻም ሱቅ ድረስ ወስዶ መልስ ያስቆጥረዋል።

ቋንቋም የራሱ ፈተና አለው። «ሁለት ሁለት ብርቱካን ውሰዱ» ስንል እያንዳንዱ ልጅ ሁለት እንዲወስድ ማለታችን ነው፤ ንግግርን ቃል በቃል የሚሰማ ልጅ ግን አራት ቢያነሣ አይፈረድበትም። ከእንግሊዝኛ በቀጥታ የተተረጎመ የሒሳብ መማሪያ ይህን እንቅፋት አስቀድሞ ሊያውቀው አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ «ጆይ የኦቲዝም ማዕከል»ን የመሠረቱትና በ2021 ያረፉት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ፣ ለንባብ ትምህርት ከራሳችን ፊደል የተነሣ ዘዴ ቀርጸው ነበር። ለቁጥርም ከራሳችን አነጋገርና ከራሳችን ገበያ የሚነሣ ተመሳሳይ ሥራ ያስፈልጋል።

«ሬይን ማን» ዛሬም ሊታይ የሚገባው ፊልም ነው። አንባቢን የምጠይቀው፣ ስቴኪኒው ሲቆጠር የተደነቀውን ያህል በቸኮሌቱ ዋጋ ላይም ቆም ብሎ እንዲያስብ ነው። ለአንድ ልጅ የነገ ኑሮ የሚበጀው ከአምስት ብር ላይ ስንት እንደሚመለስለት ማወቁ ነውና።