የፎገራ ዋልካና የቤት መሠረት
ስለ ሙሌት አጠቃጠቅ የቀረበ ትችት

በወረታና በአካባቢው የግንብ ወይም የብሎኬት ቤት ለማቆም መሬት ሲቆፈር ለሠራተኛው የሚሰጠው ትእዛዝ በአብዛኛው አጭር ነው፤ ይኸውም ጥቁሩን አፈር አውጥቶ፥ በምትኩ ገረጋንቲ ሞልቶ፥ ውሃ እያጠጡ አጥብቆ መጠቅጠቅ ነው። ብዙ የቤት ሥዕሎችም በኅዳጋቸው ይህንኑ ደግመው «95 በመቶ» የሚል ቍጥር ይጨምሩበታል። በዚህ ጽሑፍ ልመረምረው ያሰብኩት ይህ ትእዛዝ ለፎገራ ሜዳ የሚበቃ መሆኑን ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ትእዛዙ የሙሌቱን ጥንካሬ ይጠይቃል፤ የውሃውን መንገድ ግን አይጠይቅም። በፎገራ ቤትን የሚሰነጥቀው ደግሞ ዋናው ውሃ ነው።

በመጀመሪያ የቦታውን ጠባይ እንመልከት። የፎገራ ሜዳ ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ የተዘረጋ ሲሆን፥ ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ በኩል እየወረዱ ለብዙ ዘመን ደለል ያነጠፉበት ነው። አፈሩ ዋልካ ነው። በውስጡ ያለው ስሜክታይት የሚባለው የሸክላ ዓይነት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኰማተራል። ስለዚህ መሬቱ በበጋ እጅ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል፤ ክረምት ሲገባ ስንጥቁ ይዘጋል፤ መሬቱም ከፍ ይላል። ውሃ የመያዝ ጠባዩ ለሩዝ የተመቸ ነው፤ ለቤት ግን ይኸው ጠባይ ጠላት ነው። በኃይል የሚያብጥ ሸክላ በአንድ ካሬ ሜትር 10 ቶንና ከዚያም በላይ ሊገፋ ይችላል፤ የአንድ ፎቅ አልባ ቤት መሠረት ወደ ታች የሚጫነው ብዙ ጊዜ ከዚህ ያነሰ ነው። በእንጨት ማገር የቆመው የጭቃ ቤት ከመሬቱ ጋር ጥቂት ይንቀሳቀሳል፤ ቢሰነጠቅም በጭቃ ይመረጋል። የብሎኬት ግድግዳ ግን መጐበጥ አያውቅም፤ ከበርና ከመስኮት ማዕዘን ጀምሮ ይሰነጠቃል።

እንግዲህ ወደ ቍጥሩ እንምጣ። «95 በመቶ» የሚለው መለኪያ የመጣው አሜሪካዊው መሐንዲስ ፕሮክተር በ1933 እ. ኤ. አ. ካሳተመው ሥራ ነው። በመደበኛው ፈተና 2.5 ኪሎ የሚመዝን መዶሻ ከ30 ሳንቲሜትር ከፍታ እየተለቀቀ፥ አፈሩ በ3 ንብብር፥ እያንዳንዱም በ25 ምት ይጠቀጠቃል። ከዚህም አፈሩ በምን ያህል እርጥበት ከሁሉ የበለጠ እንደሚጠጋጋ ይታወቃል። ለገረጋንቲ ይህ መለኪያ የታመነ ነው። ለዋልካ ግን ጥግግት ብቻውን የደኅንነት ምልክት አይደለም። ደርቆ ሳለ በብርቱ የተጠቀጠቀ ዋልካ ውሃ ሲያገኝ ልል ከሆነው ይበልጥ ያብጣል፤ በጠባብ ቦታ ብዙ ሸክላ ታጭቋልና። ስለዚህ ገንዘብ ለመቈጠብ ሲባል የወጣውን ጥቁር አፈር መልሶ ወለል ሥር የሚያስጠቀጥቅ ሰው፥ ሠራተኛው በተጋ ቍጥር ጉዳቱን ያበዛል።

ሁለተኛው ጕድለት ከዚህ የባሰ ነው። ዋልካ ውሃ አያሳልፍም። በዋልካ ውስጥ ጕድጓድ ቈፍሮ ውሃ የሚያሳልፍ ንጹሕ ጠጠር መሙላት ማለት ከቤቱ ሥር ገንዳ መሥራት ማለት ነው። የጣራውና የግቢው ውሃ በጠጠሩ መካከል ሰርጎ ከገንዳው ወለል ላይ ይተኛል፤ ከበታች ያለው ዋልካም ቀስ እያለ ይጠጣል። ፎገራ ደግሞ ሜዳ ነውና ውሃውን የሚያስወጡበት ቁልቁለት በቀላሉ አይገኝም። በ1998 ዓ. ም. ክረምት እንደ ታየው፥ ወንዞቹ ከሞሉ ውሃው ራሱ ወደ ቤት ይመጣል። ከዚህም የተነሣ ጠጠሩ በጠራ ቍጥር የተሻለ ሙሌት ነው የሚለው አሳብ በዚህ ስፍራ አይሠራም። የሚፈለገው የማያብጥ፥ ነገር ግን ጠጠሩን የሚያያይዝ ደቃቅ ያለበትና ሲጠቀጠቅ ውሃን የሚከለክል ገረጋንቲ ነው።

ትእዛዙ ሙሉ ይሆን ዘንድ ምን ይጨመርበት? የሙሌቱ ስፋት ከመሠረቱ ጠርዝ ማለፍ አለበት፤ ክብደት ወደ ታች ሲወርድ ይሰፋልና፥ ውፍረቱ 60 ሳንቲሜትር ቢሆን በየጎኑ ቢያንስ 30 ሳንቲሜትር መትረፍ ይገባዋል። ንብብሩ በመኪና ሲጠቀጠቅ ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር፥ በእጅ ሲሆን ወደ 10 ሳንቲሜትር ይሁን፤ ወፍራም ንብብር ላዩ ይጠነክራል፥ ታቹ ልል ሆኖ ይቀራል። ውሃው ከመጠቅጠቅ በፊት ከአፈሩ ጋር ይደባለቅ እንጂ ከላይ አይፈሰስ፤ በጭብጥ ሲጨመቅ የሚያያዝ፥ ውሃ ግን የማያንጠባጥብ አፈር ለሥራ ደርሷል። የጕድጓዱ ወለል በበጋ ፀሐይ ተከፍቶ አይሰንብት፤ ደርቆ የተሰነጠቀ ዋልካ ላዩ ከተሸፈነ በኋላ እርጥበት መልሶ ሲያገኝ ቤቱን ያነሣዋልና። በመጨረሻም ሙሌቱ ከሜዳው ከፍ ብሎ ቤቱ ይቁም፤ በዙሪያውም ወደ ውጭ ያዘነበለ ሲሚንቶ ይነጠፍ፤ የጣራውም ውሃ በአሸንዳ ይራቅ።

አንዳንድ ሰው፥ ይህ ሁሉ ለድኻ ቤት ሠሪ አይቻልም ይል ይሆናል። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ ገረጋንቲ ከሜዳው ዳር ካሉት ኰረብቶች በመኪና ይመጣልና ዋጋው ያስጨንቃል። ነገር ግን ከላይ ከተዘረዘሩት ብዙዎቹ ከገንዘብ ይልቅ ትጋት የሚጠይቁ ናቸው። ንብብርን ማሳነስ፥ አፈርን አስቀድሞ ማራስ፥ ጕድጓድን ቶሎ መሸፈን ወጪያቸው ጥቂት ነው። ገንዘቡ የሚያንሰው ሰው ለወፍራም ሙሌት ከሚያወጣው ከፍሎ ለአሸንዳና ለዙሪያው ንጣፍ ቢያውል ይሻለዋል እላለሁ። ብሎኬት የሚያቆመው ሰው ብዙ ጊዜ የዕድሜውን ጥሪት በአንድ ግድግዳ ላይ ያፈሰሰ ስለ ሆነ፥ ግማሽ ምክር ሰጥተን ልናሰናብተው አይገባም።

ለእኛ ለተማሪዎች የሚቀረው ሥራም አለ። በወረታ የሩዝ ወፍጮዎች የሚወጣው ገለባ ሲቃጠል አመዱ ሲሊካ የበዛበት ነው፤ ከኖራ ጋር ሲደባለቅ ሸክላን ሊያስርና እብጠቱን ሊቀንስ እንደሚችል በሌሎች አገሮች በተደረገ ምርምር ታይቷል። ይህ በፎገራው ዋልካ ላይ በምን ያህል መጠን እንደሚሠራ መፈተን፥ የጥቂት ቤቶችንም ከፍታ በሰኔ፥ በመስከረምና በሚያዝያ እየለኩ መመዝገብ ከአንድ ተማሪ አቅም በላይ አይደለም። መምህሮቻችን አስተያየታቸውን ቢሰጡበት፥ በሥዕሉ ኅዳግ ለሚጻፈው አጭር ትእዛዝ የሜዳውን ጠባይ የሚያውቅ ሁለት መስመር ልንጨምርለት እንችላለን።